ካባው ላይ የተሰፉት እባቦች

(በሬዲዮ ዝግጅታችን ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዛሬውን ንግግራችንን የምንጀምረው ራሳችንን በማረም ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ስለ ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ) እና ስለ ፊርዐውን ድግምተኞች ባቀረብነው ዝግጅት ላይ፣ ነገር ነገርን አነሳውና አንድ ዓረፍተ ነገር አመለጠን። «እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንኳ በሳይቤሪያ እባብ የሚያመልኩ፣ እባብ በልብሳቸው ላይ እያንጠለጠሉ ሕዝብ የሚያታልሉ ጠንቋዮች ነበሩ» ነበር ያልነው። ነገሩን እንደ ቀላል ምሳሌ ጠቅሰነው አለፍን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአንድ አድማጫችን ደብዳቤ ደረሰን። ጸሐፊው በወጣትነቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ፣ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ከሄዱት ወገኖቻችን አንዱ ነው። የተማረው በሌኒንግራድ፣ በዛሬ ስሟ በሴንት ፒተርስበርግ ነበር። በአንድ የእረፍት ቀን ብርዱን ሸሽቶ በኔቫ ወንዝ ዳር ወዳለው ኩንስትካሜራ ወደሚባለው ሙዚየም ይገባል። ይህ ሙዚየም በታላቁ ጴጥሮስ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1714 የተመሠረተ ነው። እዚያም በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተሰቀለ አንድ የቆዳ ካባ ያያል። ከካባው ላይ የተጎነጎነ ጨርቅና ገመድ የሚመስል ነገር እንደ ጎፈር ተንዠርጓል። ጠጋ ብሎ ሲያይ ግን ከገመዶቹ አንዳንዶቹ ዓይን አላቸው፤ አፋቸውንም ከፍተዋል። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤ የእኛን ወንድም የገጠመው ግን ተቃራኒው ነው። ልጥ ነው ብሎ የቀረበው እባብ ሆኖ ጠበቀው።

ደብዳቤው ላይ የጠየቀን አጭር ነው፦ «እኔ ያንን ልብስ በዓይኔ አይቻለሁ። እባቡን ያመልኩታል ብሎ የነገራችሁ ማነው?»

ደብዳቤውን ደጋግመን አነበብነው። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረንም። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከየት እንዳመጣናት ብንፈልግ ምንጯን ልናገኝ አልቻልንም። ሰምተናል፤ የሰማነውን አወራን። አንድ ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ለውሸታምነት እንደሚበቃው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ማስተማራቸውን ደግሞ እኛው በዚሁ ዝግጅት ስንት ጊዜ ተናግረናል! ስለዚህ ቁጭ ብለን አነበብን። ዛሬ የምናካፍላችሁ ያገኘነውን ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ። «ሻማን» የሚለው ቃል የእንግሊዝኛም የሩሲያኛም አይደለም። በምሥራቅ ሳይቤሪያ ጫካዎች አጋዘን እያረቡና እያደኑ የሚኖሩት ኢቬንኪ የሚባሉ ሕዝቦች ቃል ነው። ሩሲያውያን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደዚያ ሲዘልቁ ቃሉን ሰሙት፤ ከእነርሱ ወደ አውሮፓ ቋንቋዎች ተሻገረ፤ ከዚያም ምሁራን በዓለም ዙሪያ ላሉ ለሚመሳሰሉ ሰዎች ሁሉ ስም አድርገው አደሉት። ጎረቤቶቻቸው ግን ለራሳቸው ሰው የራሳቸው ስም አላቸው። የአልታይ ቱርኮች «ካም» ይሉታል፣ ያኩቶች «ኦዩን»፣ ካዛኮች ደግሞ «ባቅሲ»። ይህን የምናነሳው ለቃል ጨዋታ አይደለም። አንድ ስም ለሁሉም ሲሰጥ ሁሉም አንድ መምሰል ይጀምራሉ፤ የእኛም ስሕተት የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ወንድማችን ያየው ካባ ዓይነት ከሁሉ ይበልጥ ተዘርዝሮ የተመዘገበው በአልታይ ነው። አልታይ ዛሬ ሩሲያ፣ ካዛክስታን፣ ሞንጎሊያና ቻይና የሚገናኙበት ተራራማ አገር ነው። ካባው በአልታይኛ «ማንያክ» ይባላል። ፖታኒን የተባለው ሩሲያዊ ተጓዥ እ.ኤ.አ. ከ1881 እስከ 1883 ባሳተማቸው ጥራዞች ውስጥ ገልጾታል። አኖኺን የተባለ፣ ሙዚቀኛም የባህል አጥኚም የነበረ ሰው ደግሞ ከራሳቸው ከካሞቹ እየጠየቀ የሰበሰበውን እ.ኤ.አ. በ1924 በሌኒንግራድ አሳትሟል።

እነርሱ እንደጻፉት ካባው ከእንስሳ ቆዳ የተሰፋ፣ ከፊት ክፍት የሆነ አጭር ልብስ ነው። አንገቱ ዙሪያ የጉጉት ላባ አለ። አንገትጌው ላይ ትንንሽ የጨርቅ አሻንጉሊቶች ተሰፍተዋል፤ አንዱ ጋ ሰባት፣ ሌላው ጋ ዘጠኝ ናቸው፤ የሰማይ ልጃገረዶች ናቸው ይባላል። ቃጭሎች አሉት፤ የቃጭሎቹ ድምፅ የልጃገረዶቹ ድምፅ ነው። ክፉ መንፈስ የሚያስፈራሩ ከብረት የተሠሩ ትንንሽ ደጋንና ቀስቶችም ተንጠልጥለውበታል። ከጀርባና ከእጅጌው ግን ብዛቱ የሚያስደንቅ የጨርቅ ጥብጣብና ጉንጉን ይወርዳል። እነዚህ ናቸው እባቦቹ። ትንንሾቹ ተራ ጥብጣብ ናቸው፤ ያልተነገረው ሰው እባብ መሆናቸውን አያውቅም። ትልልቆቹ ግን ጭንቅላት፣ ሁለት ዓይንና የተከፈተ መንጋጋ አላቸው፤ ጅራታቸውም ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። አንዳንዴ ሦስት እባብ አንድ ራስ ይጋራል። ፖታኒን እንደመዘገበው ባለጠጋ የሆነ ካም 1,070 እባብ ሊኖረው ይገባል ይባል ነበር። አንድ ሺህ ሰባ! ይህ ሁሉ በእጅ ተቆርጦ፣ ተጎንጉኖ፣ ተሰፍቶ። ይህን ለብሶ ከበሮ እየመታ መዝለል ደግሞ ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ እናንተው ገምቱ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። እነዚህ እባቦች እዚያ ምን ይሠራሉ?

ለዚህ መልስ የሚሰጠው ካባው የሚለበስበት ጊዜ ነው። በአልታዮች እምነት ዓለም በፎቅ የተሠራ ነው። ላይ ኡልገን የሚሉት አለ፤ ታች ኤርሊክ የሚሉት የሙታን ገዥ አለ። በሽታ የሚመጣው፣ ሰው ሲሞትም የሚወሰደው ወደ ኤርሊክ ነው ብለው ያምናሉ። ወደ ላይ ብቻ የሚወጡ «ነጭ ካም» የሚባሉ አሉ፤ እነዚህ ማንያክ አይለብሱም። ማንያክ የሚለብሱት ወደ ታች የሚወርዱት ናቸው። ልብ በሉ አድማጮቻችን! እባቡ በሁሉም ሥርዓት ላይ የሚገኝ ጌጥ ቢሆን ኖሮ ነጩም ካም በለበሰው ነበር። እባቡ የአንድ የተለየ መንገድ፣ የቁልቁለቱ መንገድ ዕቃ ነው።

ያ መንገድ እንዴት ያለ ነው? ፖታኒን በጻፈው ትረካ መሠረት አንድ ሰው ሲታመም ካሙ ነፍሱን ከኤርሊክ ለማስመለስ ይነሳል። ሰውነቱ ከድንኳኑ ሳይወጣ ከበሮውን እንደ ፈረስ፣ የከበሮ መምቻውን እንደ አለንጋ አድርጎ ጉዞውን በዜማና በእንቅስቃሴ ያሳያል። ቢጫ በረሃ ያቋርጣል። የብረት ተራራ ይወጣል፤ በመንገዱ ላይ ከእርሱ በፊት ሞክረው ያልተሳካላቸው ካሞች አጥንት ነጥቶ ያያል። ከዚያ ወደ ሌላው ዓለም መግቢያ የሆነ የምድር ቀዳዳ ይደርሳል። በቀዳዳው ወርዶ አንድ ባሕር ያገኛል፤ ባሕሩ ላይ ያለው ድልድይ የፀጉር ያህል የቀጠነ ነው። በዚያ ላይ ሲሄድ እየተንገዳገደ ለተመልካቹ ያሳያል፤ ከታች የወደቁትን አጥንት ያያል። መጨረሻ ላይ ውሾች በሚጠብቁት ደጅ አልፎ ከኤርሊክ ፊት ይቀርባል፤ እጅ መንሻ ይሰጣል፤ ይለማመጣል።

ድልድዩን ስንጠቅስ ሲራጥ ትዝ ያላችሁ ትኖራላችሁ። እኛም ትዝ ብሎናል። ማን ከማን ወሰደ የሚለውን ለባለሙያዎች እንተወውና ወደ እባባችን እንመለስ።

እንዲህ ያለ መንገድ ለሚሄድ ሰው ረዳት ያስፈልገዋል። የምድር ቀዳዳ ውስጥ መግባት ማን ያውቅበታል? እባብ። ከየብስም ከውኃም የሚኖረው፣ ያለ እግር የሚሄደው፣ ቆዳውን ጥሎ በአዲስ ቆዳ የሚወጣው ማነው? እባብ። ካሙ መሬት ውስጥ ገብቶ ተመልሶ መውጣት አለበት፤ እባብ ይህን በየዓመቱ ሲያደርግ የዱሩ ሰው ያየዋል። በአልታይም ሆነ በጎረቤት አገር በቱቫ የካባው እባቦች የካሙ ጠባቂዎች ናቸው ይባላል። በጠላት መንፈስ ሲጠቃ የሚነድፉለት፣ ጀርባውን የሚሸፍኑለት እነርሱ ናቸው። ካባው እንግዲህ የጦር ልብስ ነው ማለት ይቻላል። የተጫኑት ደጋንና ቀስቶች፣ ቃጭሎችና እባቦች ሁሉ የአንድ መንገደኛ ስንቅና ትጥቅ ናቸው። ባለ 1,070 እባቡ ካም አንድ ሺህ ሰባ አማልክት የተሸከመ ሰው ሳይሆን ብዙ አጃቢ ይዞ የሚጓዝ ሰው ነው።

ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። ከአልታይ ወጥታችሁ ወደ ሌሎቹ የሳይቤሪያ ሕዝቦች ብትሄዱ ያው ተመሳሳይ ጥብጣብ ከሻማኑ ልብስ ላይ ተንጠልጥሎ ታገኛላችሁ፤ ትርጉሙን ስትጠይቁ ግን «ላባ ነው» ትባላላችሁ። ልብሱ ወፍ ነው፤ ሻማኑ ይበርበታል። ያው ጨርቅ፣ ያው አሰፋፍ፣ አንዱ ዘንድ የሚሳብ፣ ሌላው ዘንድ የሚበር! ልብሱን በመስታወት ሣጥን ውስጥ አይቶ ብቻ የትኛው እንደሆነ መለየት የሚችል ሰው የለም። ባለቤቱን መጠየቅ ግድ ነው።

የቃሉ ባለቤቶች ኢቬንኪዎች ደግሞ ስለ እባብ የሚያወሩት ሌላ ነገር አላቸው። በእነርሱ ተረት በመጀመሪያ ውኃ ብቻ ነበር። ማሞት የሚሉት ግዙፍ ዝሆን መሰል እንስሳ በጥርሱ ከውኃው ሥር ጭቃ እየዛቀ ተራራ ሠራ። ዲያብዳር የሚባል ታላቅ እባብ ደግሞ አዲሱ መሬት ላይ እየተሳበ አለፈ፤ የተሳበበት ሁሉ ወንዝ ሆነ። የሳይቤሪያን ወንዞች በካርታ ላይ ያየ ሰው ይህ ተረት ከየት እንደመጣ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልገውም።

ከሳይቤሪያ ወጣ ብለን አንድ ሌላ አገር ብቻ እንይ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው «ሻማንና እባብ» ሲባል በዘመናችን የሚያስበው የደቡብ አሜሪካውን የአማዞን ጫካ ነው። በፔሩ በኡካያሊ ወንዝ ዳር ሺፒቦ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። አዋቂያቸውን «ኦናንያ» ይሉታል፤ የሚያውቅ ማለት ነው። ሴቶቻቸው በጨርቅና በሸክላ ላይ የሚሥሉት «ኬኔ» የሚባል የተጠላለፈ መስመር በጣም የታወቀ ነው፤ የፔሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 የአገር ቅርስ ብሎታል። እነርሱ እንደሚሉት ያ ንድፍ ሁሉ የመጣው ከሮኒን ቆዳ ነው። ሮኒን አናኮንዳ የሚባለው ግዙፍ የውኃ ዘንዶ ነው። ወደ ሰሜን በኮሎምቢያ በቫውፔስ ወንዝ አካባቢ ያሉት ዴሳናዎችና ጎረቤቶቻቸው ደግሞ የመጀመሪያዎቹ አባቶቻቸው ወንዙን ሽቅብ የመጡት በአናኮንዳ ታንኳ ተጭነው ነው ይላሉ። ዘንዶው ጀልባ ነበረ፤ በየደረሰበት ሕዝብ እያወረደ ሄደ።

አያችሁ ልዩነቱን? በአልታይ እባብ ወደ ሙታን አገር የሚወርድ ሰው አጃቢ ነው። በአማዞን ሕያዋንን ወደ ዓለም ያመጣ ታንኳ ነው።

ይህ ሆኖ ሳለ ጄረሚ ናርቢ የተባለ የአንትሮፖሎጂ ምሁር አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በፔሩ ከአሻኒንካ ሕዝቦች ጋር ኖሯል። በ1995 በፈረንሳይኛ፣ በ1998 በእንግሊዝኛ ባወጣው መጽሐፍ፣ ሻማኖች በየአገሩ የሚያዩዋቸው የተጠማዘዙ እባቦች ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለው የሕይወት ሞለኪውል ናቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። የዲ.ኤን.ኤ. ቅርጽ የታወቀው በ1953 ነው፤ ሻማኖቹ ግን ቀድመው ያውቁት ነበር ማለቱ ነው። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሞ ብዙ ሰው አንብቦታል። እኛ ግን አልተዋጠልንም። ሁለት የተጠማዘዘ ነገር ስለተመሳሰለ አንድ ነው ማለት ሐረግንና ገመድን አንድ ነው እንደማለት ነው። ከሁሉም በላይ ግን የካሙን 1,070 እባቦች፣ የኢቬንኪን ወንዝ፣ የዴሳናን ታንኳ፣ የሺፒቦ እናቶችን ጥለት፣ ሁሉንም ከባለቤቶቹ እጅ ነጥቆ ለቤተ ሙከራ ያስረክባል። እንዲህ ያለው ሰው አድናቂያቸው ነው፤ እኛ ደግሞ ነቃፊያቸው ነበርን። ባለቤቶቹን ሳንጠይቅ በመናገር ግን ሁለታችንም አንድ ነን።

እዚህ ላይ «ታዲያ እናንተ ሻማኖችን እያወደሳችሁ ነው ወይ?» የሚለን አይጠፋም። አይደለም። ከአላህ (ሱ.ወ) ውጭ ያለን መንፈስ ለፈውስ መለማመጥ፣ ለሙታን ገዥ እጅ መንሻ ማቅረብ በእኛ ሃይማኖት ምን እንደሚባል ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቃሉ። ይህንን አንሸፍንም። ነገር ግን አንድን ሕዝብ «ሺርክ ውስጥ ነበር» ማለትና «እባብ ያመልክ ነበር» ማለት የተለያየ ምስክርነት ነው። የመጀመሪያው ፍርድ ነው፤ ሁለተኛው ወሬ ነው። ወሬው ደግሞ ስሕተት ሆኖ ተገኘ።

ከፊርዐውን ድግምተኞች ጋር ያደረግነውም ንጽጽር አይቆምም። የእነዚያ ሰዎች ሥራ ገመዳቸውና በትራቸው የሚንቀሳቀስ እባብ መስሎ እንዲታይ ማድረግ ነበር። የዓይን ማታለል ነው፤ ዓላማውም ንጉሡን ማስደሰትና ደመወዝ ማግኘት። የአልታዩ ካም ግን ጨርቁ ጨርቅ መሆኑን አልካደም። የተቀመጡት ሰዎች ሲሰፋም አይተውታል፤ ምናልባት ጨርቁን የሰጡት እነርሱ ናቸው። የበሽተኛው እናት ከእሳቱ ዳር ተቀምጣ የምትጠብቀው ገመዱ ሲንቀሳቀስ ለማየት አልነበረም፤ ልጇ እንዲድንላት ነው። እምነቷ ስሕተት ነው ብንልም ጭንቀቷ ትያትር ነበር ልንል አንችልም።

ደግሞስ እኛ ለእባብ ትርጉም እንግዳ ነን እንዴ? የሙሳ (ዐ.ሰ) በትር የሆነውን ነገር ቁርኣን በአንድ ቃል ብቻ አልጠራውም። በሱረቱ ጣሃ «ሐየህ»፣ በሱረቱል አዕራፍና በሱረቱ ሹዐራእ «ሡዕባን»፣ በሱረቱ ነምልና በሱረቱል ቀሰስ ደግሞ «ጃን» በሚል ቃል ተመስሏል። ሙፈሲሮች አንዱ ተራ እባብን፣ ሁለተኛው ታላቅ ዘንዶን፣ ሦስተኛው ፈጣንና ቀጭን እባብን እንደሚያመለክት አብራርተዋል። ሦስተኛው ቃል ጂን ከሚለው ጋር ዝምድና እንዳለው ዐረብኛ የቀመሰ ሁሉ ያየዋል።

በሶሒሕ ሙስሊም ውስጥ ያለውን የመዲናውን ወጣት ታሪክም ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በኸንደቅ ዘመቻ ጊዜ ነው። አዲስ ሙሽራ የነበረ ወጣት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አስፈቅዶ ቀን ቀን ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን ሲደርስ ሚስቱን በሩ ላይ ቆማ አገኛት። ቅናት ይዞት ጦሩን አነሳባት። እርሷም ጦርህን መልስ፣ መጀመሪያ ግባና እይ አለችው። ሲገባ ታላቅ እባብ ምንጣፉ ላይ ተጠምጥሟል። በጦር ወጋው፤ እባቡም ተወራጨበት። ማን ቀድሞ እንደሞተ አልታወቀም፤ እባቡ ይሁን ወጣቱ። ነገሩ ሲነገራቸው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና የሰለሙ ጂኖች እንዳሉ፣ ከእነዚህ የቤት እባቦች ያየ ሰው ሦስት ቀን እንዲያስጠነቅቅ፣ ከዚያ በኋላ ካልሄደ ግን እንዲገድለው አዘዙ። የእባብን ቅርጽ አይቶ «እባብ ብቻ ላይሆን ይችላል» ብሎ ሦስት ቀን የሚታገስ ሕዝብ፣ ሌላው ሕዝብ በእባብ ቅርጽ ምን እንዳየ ለመጠየቅ አንድ ቀን መታገስ አያቅተው ነበር።

ይህ ጉዳይ ከሙስሊሞች ሩቅ አለመሆኑን የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። የካዛኮቹ ባቅሲ የአልታዩ ካም የሥጋ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ ካዛኮች ግን ሙስሊሞች ናቸው። ባቅሲው ከበሮውን ትቶ ቆቢዝ ይዟል፤ የፈረስ ጭራ አውታር ያለው፣ በደጋን የሚመታ፣ እንደ እኛ ማሲንቆ የሚያለቅስ መሣሪያ ነው። በሽተኛ ፊት ሲቀመጥ መጀመሪያ አላህን፣ ነቢያትን፣ ከዚያ ወሊዮችን ይጠራል፤ ከዚያ በኋላ ነው የራሱን መናፍስት የሚጠራው፤ እነርሱንም ጂን ይላቸዋል። ሾቃን ዋሊኻኖቭ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1865 በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ የሞተው የካዛክ ምሁር፣ በገዛ ወገኖቹ መካከል የቀረውን የሻማንነት ርዝራዥ ሳያፍርበት ጽፎታል።

የባቅሲዎቹ ሁሉ አባት ኮርኩት አታ ነው ይላሉ። ታሪኩን እናውጋችሁ። ኮርኩት ሞትን መሸሽ ፈለገ። በፈጣን ግመሉ ላይ ሆኖ ወደ ዓለም ማዕዘናት ሁሉ ሄደ። በየደረሰበት ሰዎች ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኛል። የማን መቃብር ነው ብሎ ሲጠይቅ የኮርኩት ነው ይሉታል። መሬት ሁሉ መቃብሩ እንደሆነ ሲያውቅ ወደ ሲር ዳርያ ወንዝ ተመለሰ፤ ምንጣፉን ውኃው ላይ አነጠፈ፤ ቆቢዙን ሠርቶ ቀንና ሌሊት መምታት ጀመረ። ዜማው እስካለ ድረስ ሞት ሊቀርበው አልቻለም። በመጨረሻ ግን ደከመው፤ ሸለብ አደረገው። ዜማው ባቆመባት በዚያች ቅጽበት አንድ ትንሽ እባብ ከውኃው ወጥቶ ነደፈው።

ልብ በሉ፣ ይህ የመጀመሪያው ባቅሲ የተባለ ሰው ታሪክ ነው። እዚህ እባቡ አጃቢም ታንኳም አይደለም፤ አጀል ነው። ይህን ተረት ሙስሊም አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩት ኖረዋል፤ ማንም ከአጀሉ እንደማያመልጥ የሚያውቅ ሕዝብ ያወራው ተረት እንደሆነ ያስታውቃል። በሲር ዳርያ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. በ1980 ለኮርኩት መታሰቢያ ተሠርቶለታል፤ በሜዳ መካከል የቆመ ሐውልት ነው፤ ነፋስ ሲነፍስበት እንደ ቆቢዝ እንዲያዜም ተደርጎ ነው የታነጸው። ዩኔስኮም በ2018 የኮርኩትን ትውፊት በአዘርባጃን፣ በካዛክስታንና በቱርክ ስም መዝግቦታል።

ወደ መስታወት ሣጥኑ እንመለስ። ያ ካባ እዚያ እንዴት ገባ የሚለውን ወንድማችን አልጠየቀንም፤ እኛን ግን ከሁሉም ይበልጥ ያሳሰበን እርሱ ነው። በአልታይ አንድ ካም ሲሞት ከበሮው ተቀድዶ ዛፍ ላይ ይሰቀል ነበር። ለሌላ ሰው የሚቀር ዕቃ አልነበረም። ሙዚየም የገቡት እንግዲህ በአብዛኛው ከዚህ ሥርዓት የተለዩ ናቸው። አንዳንዱን አጥኚዎች ለመኑት ወይም ገዙት። ከ1830 ጀምሮ በአልታይ የተቋቋመው የሩሲያ ኦርቶዶክስ ሚሲዮን ያጠመቃቸውን ሰዎች ከበሮ ሲያስጥል ኖሯል። በ1904 ደግሞ ከራሳቸው ከአልታዮች መካከል «ነጭ እምነት» የሚባል እንቅስቃሴ ተነሳ፤ እነዚህም ካሞቹን ተቃውመው ከበሮ አቃጠሉ። ከ1920ዎቹ መጨረሻ በኋላ የሶቪየት መንግሥት መጣባቸው። ሻማን «የመደብ ጠላት» ተባለ፤ የመምረጥ መብቱ ተነጠቀ፤ ልብሱና ከበሮው ተወሰደ፤ ብዙዎች ታሰሩ፣ የተገደሉም አሉ። በቱቫ እ.ኤ.አ. በ1931 በተደረገ ቆጠራ 725 ወንድና ሴት ሻማኖች ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በይፋ የሚታይ አልቀረም።

በዚያው ዘመን በዚያው አገር መስጊዶች ሲዘጉ፣ ዑለማዎች ሲታሰሩ፣ ቁርኣን መሬት ውስጥ ሲቀበር እንደነበር እናውቃለን፤ በዚህ ዝግጅትም አልቅሰንበታል። የእነዚያ ዑለማዎችና የካሞቹ ክስ ቃል በቃል አንድ ዓይነት ነበር፦ «ሕዝብ የሚያታልሉ»። ከአንድ ወር በፊት በዚህ ማይክሮፎን ፊት እኛው የተጠቀምንበት ቃል!

በ1990ዎቹ መጀመሪያ መንግሥቱ ሲፈርስ ቱቫ ውስጥ የቀሩት ሽማግሌዎች ወጡ። ኬኒን-ሎፕሳን የተባለው፣ በ1925 ተወልዶ በ2022 ያረፈው የቱቫ ጸሐፊ፣ በክልሉ ሙዚየም እየሠራ በክፉው ዘመን የሻማኖችን ዜማና ቃል ከሽማግሌዎች አፍ ሲለቅም ኖሮ ነበር፤ እርሱ የለቀመው ባይኖር ዛሬ የብዙው ትርጉም አይታወቅም ነበር። አሁን በዋና ከተማዋ በኪዝል የሻማኖች ማኅበራት አሉ፤ ቱሪስቶችም ይመጣሉ። አዲሶቹ ካባዎች ላይም እባብ ይሰፋል። አሮጌው ካባ ላይ ግን እያንዳንዱ እባብ የራሱ ስም፣ የራሱ ሥራ ሊኖረው ይችል ነበር። አኖኺን ጠይቆ የጻፋቸውን ጥቂቶች እናውቃለን። የቀሩትን ባለቤቶቻቸው ይዘዋቸው ሄደዋል። በሣጥኑ ውስጥ ያለው ጨርቁ ነው።

ስለዚህ አድማጮቻችን፣ በዚያ ዝግጅት «እባብ የሚያመልኩ» ያልነው ስሕተት ነው፤ «ሕዝብ የሚያታልሉ» ያልነውንም አንስተነዋል። የዝግጅቱን ቅጂ ወስዳችሁ ለሌሎች ያካፈላችሁ ካላችሁ ይህንንም አብራችሁ እንድታካፍሉልን አደራ እንላለን። ወንድማችን በደብዳቤው ጀርባ ላይ ያሰፈረውን ሁለተኛ ጥያቄ፣ እባብን በሕልም ስለማየት ዑለማዎች ያሉትን፣ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ሳምንት ይዘን እንቀርባለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።